የአቶ ቨርል ዮርገንሰን እና የጂፓቸው ጎሚኒዎች ታሪክ

አቶ ቨርል ዮርገንሰን ከአባታቸው ከአቶ ኦርቫል ዮርገንሰንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴልማ ላርሰን በዩታ ግዛት፣ በፌሮን ከተማ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 9 ቀን 1941 ተወለዱ። እናታቸው ይናገሩ እንደነበረው ከማኅፀን በእግራቸው ነው የወጡት፤ ከዚያ ወዲህም ነገርን ከትክክለኛው ጫፍ ጀምረው አያውቁም። ይህን ታሪክ የምትጽፈው ታናሽ እኅታቸው ላሩ ናት። ቤተሰቡ ለስለስ አድርጊው ብሎ ለምኗታል።

አቶ ቨርል ትምህርታቸውን እዚያው ፌሮን ካጠናቀቁ በኋላ በ1960 ከሰል ማውጫው ውስጥ ተቀጥረው ሠላሳ ስምንት ዓመት ሚዛን ላይ ሠርተዋል። ቁጥር ከማንበብ ሌላ እጃቸው ላይ ሙያ አልነበረም፤ እንዳላቸው ግን አንድም ቀን ተጠራጥረው አያውቁም። በ1963 ከወይዘሮ ኔልዳ ጋር ተጋብተው ብሬንትንና ጃኒልን ወልደዋል። በ1979 ጂፕ ገዙ። የዚያን ቀን የተደሰቱትን ያህል ልጆቻቸው ሲወለዱ መደሰታቸውን የሚመሰክር ሰው አልተገኘም።

ጂፕ በበረሃ ድንጋይ ላይ ሲንገላታ ቶሎ የሚያልቁት ክብደቱን በሚሸከመው ባሌስትራ ጫፍ ላይ የሚገቡት ጎሚኒዎች፣ እነዚያ ትንንሽ የጎማ ቀለበቶች ናቸው። አዲስ ሲቀየሩ የሚያስራቸው ብሎን በደንብ መጥበቅ ያለበት መኪናው ከተነሳበት ክሪክ ወርዶ በአራት እግሩ ከቆመ በኋላ ነው። እንደተንጠለጠለ ከጠበቀ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና ዓመት ሳይሞላው ይበጣጠሳል። ላሩ በትምህርት ቤት አውቶቡሶች ጋራዥ ሃያ ስድስት ዓመት መካኒክ ስለነበረች ይህን ታውቃለች። አቶ ቨርል ግን በየዓመቱ ክሪክ ላይ እንዳለ አጠበቁት፣ በየዓመቱ ተበጣጠሰ፣ በየዓመቱም ጎሚኒ የሚሠሩትን ሰዎች ከነዘራቸው ሰደቡ።

«ቨርል፣ መጀመሪያ አውርደው፤ ከዚያ እሰረው!»

«አንቺ ሂጂና አውቶቡስሽን እጠቢ።»

«ድንጋይ ራስ!»

ላሩ ከወንድሟ የፈለገችው ሁለት ቃል ብቻ ነበር፦ «ልክ ነሽ።» ሌላ የሚያነጋግራቸው ጉዳይም አልነበራቸውም። በረዶው በቀለጠ ቁጥር አቶ ቨርል ስልክ ይደውሉና «ደግሞ ተበጣጠሰልሽ፤ ነይና ተደሰቺ» ይሏታል። ከምትኖርበት ከፕራይስ ከተማ ድረስ ነድታ ትመጣለች። የተቀደደ ጎሚኒ አፍንጫዋ ሥር ያደርጉላታል፤ ከመኪናው ሥር ግን ዝር አያስብሏትም። ተሰዳድበው፣ ወይዘሮ ኔልዳ ያቀረቡላቸውን የአሳማ ሥጋና ድንች በልተው ይለያያሉ። ሰው በዚህ ዓይነት ግትርነት እንዴት ሰማንያ ዓመት እንደሚኖር ለሐኪሞችም ግልጽ አልነበረም።

አቶ ቨርል ከ2021 ጀምሮ ባደረባቸው የልብ ድካም ሲታከሙ ቆይተው፣ ማርች 4 ቀን 2025 በተወለዱ በ83 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በዋዜማው ላሩ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ነበር።

«የምትነግረኝ ነገር የለህም?» አለቻቸው።

«አለ። መስኮቱን ዝጊው፤ በረደኝ» አሉ።

ጂፑ የቀብሩን ሰልፍ እንዲመራ ስለተወሰነ፣ ሐሙስ ዕለት ላሩ ልትፈትሸው ከሥሩ ገባች። ጎሚኒዎቹ አንድም ስንጥቅ የለባቸውም። በየብሎኑ ላይ የደበዘዘ ቢጫ መስመር ተሠምሯል። ይህ መስመር ላሩ አውቶቡሱ መሬት ወርዶ ብሎኑ ከጠበቀ በኋላ የምታደርገው የራሷ ምልክት ነው። ከዚያው ከተኛችበት ወይዘሮ ኔልዳን ጠራች።

«ይሄ ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አሥራ አንድ ዓመቱ። እንዳልሽው አውርዶ አሰረው። ለላሩ ትንፍሽ እንዳትዪ ብሎ አስምሎኛል።»

«ታዲያ በየዓመቱ ሲያሳየኝ የኖረውስ?»

ወይዘሮ ኔልዳ ከመደርደሪያው ላይ ባዶ የኮክ ፍሬ ጣሳ አወረዱ። ውስጡ አንድ አሮጌ፣ የተበጣጠሰ ጎሚኒ ነበር። አቶ ቨርል አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ አንዱን ሲያሳዩ ኖረዋል። ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችው መካኒክም አላወቀችውም፤ እሷም ብትሆን የእሳቸው እኅት ናት።

«ምን አስዋሸው?»

«ከተስተካከለ ምን ብላ ትመጣለች? እያለኝ ነዋ» አሉ ወይዘሮ ኔልዳ።

ላሩ ከጂፑ ሥር ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አልቅሳለች፤ ተናዳለችም። ሁለት ቃል ከመናገር አሥራ አንድ ዓመት መዋሸት የሚቀለው ሰው ፈሪ ነው፤ ይህም በታሪካቸው ውስጥ እንዲጻፍ ትፈልጋለች።

አቶ ቨርል ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ስድስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ አንድ ያረጀ ጂፕና አንዲት እኅት ትተው ሄደዋል። ዛሬ ጂፑን እስከ መቃብሩ የምትነዳው ላሩ ናት። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ሲከራከሩትም ይታገሣቸው፤ ጎሚኒው ባይበጣጠስም ላሩ ትመጣ እንደነበር ይንገራቸው።