ልጄን አደራ

ሆሳዕና፣ ጥር 16

የልጄ የታምራት መርዶ የደረሰኝ ጥቅምት ላይ ነው። ያን ቀን መጻፍ አልቻልኩም። በሚያስተምርበት በቦኖሻ ወባ ያዘውና ሳይሰነብት አረፈ።

ዛሬ ተማሪዎቹ እዚህ መጥተው፣ ኖርስ ከሚባሉ ከጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች አፈ ታሪክ ወስዶ የጻፈላቸውን አጭር ተውኔት አሳዩን። የአማልክት እናት ልጇ እንዳይሞትባት እሳቱንም ብረቱንም እየዞረች ታስምላለች። ድንጋዩን ሳይቀር፣ «ልጄን አደራ፤ ቀስ ብለህ ንዳ!» ስትለው አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጎረቤቴ አየለች በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

«የታምራት እናት፣ ይቺማ አንቺ ነሽ!»

እውነቷን ነው። መናኸሪያ በሸኘሁት ቁጥር ሾፌሩን የምለው ይህንኑ ነበር። ታምራት አፍሮ አንገቱን ይደፋል። ለካ የእኔን ቃል ይዞ ኖሯል፤ ለአማልክት እናት ሰጣት!

እናቲቱ አንዲት ትንሽ ተክል ብቻ፣ ይቺ ደግሞ ምን ታመጣለች ብላ ሳታስምላት አለፈች። ልጇ የሞተው ከዚያችው ተክል በተሠራ ፍላጻ ነው። እኔም ሾፌሩን ለመንኩ፤ የወባዋን ትንኝ ግን አላሰብኳትም። ታምራት ይህን ሲጽፍ በምን አወቀ?

ከእኔ በኋላ ይህን የምታነቡ፣ በጸሎታችሁ አስቡልኝ። ልጄን አደራ።