አሥራ አንዱ በሮች እንዳይሸጡ

ቀን፦ መጋቢት 4

ለንብረት አስተዳደርና ማስወገድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በጨረታ ዝርዝር ተራ ቁጥር 27 «ያገለገሉ የመጋዘን በሮች፣ ብዛት 11» ተብለው የተመዘገቡት የብረት በሮች ከሽያጭ እንዲወጡ ስለመጠየቅ፤ እንዲሁም አመልካቹ ከንብረቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ስለመግለጽ

ክቡር ሆይ፣

ስለ እነዚሁ በሮች የካቲት 25 ቀን ግማሽ ገጽ የማትሞላ ማመልከቻ አስገብቼ ነበር። የፈረምኩትም «ጉዳዩ የሚያሳስበው ዜጋ» ብዬ ነው። መዝገብ ቤት ያሉት ወይዘሮ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁና «አባቴ፣ በር ነው እኮ፤ ምኑ ያሳስባል?» አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቴ «አመልካቹ ከንብረቱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ስላልተገለጸ አይስተናገድም» ተብሎ ተመለሰልኝ። አልተሳሳታችሁም። የሸሸሁትን ነገር ነው የጠየቃችሁኝ። እነሆ ግንኙነቴን እገልጻለሁ፤ ብረት መቀጠል እንጂ ቃል መቀጠል ሙያዬ ስላልሆነ፣ ቢረዝምም ይታገሡኝ።

1. እኔ አመልካች የስድሳ ሦስት ዓመት ሰው፣ በያጅ ነኝ። ሱቄ ከአውቶቡስ ማዞሪያው ጀርባ፣ ከጎማ ጠጋኙ ቀጥሎ ነው። አልጋ እሠራለሁ፣ ወንበር እሠራለሁ፣ የውኃ ታንከር መቆሚያ እሠራለሁ። በር አልሠራም። ከአሥራ ሰባት ዓመት ወዲህ አንድም በር ከእጄ አልወጣም፤ በዚህም የተነሣ የሰፈሩ ሰው «በር አልሠራም» የሚል ስም አውጥቶልኛል። አዲስ ደንበኛ ሲመጣ ጎማ ጠጋኙ ቀድሞ «በር ከሆነ እዚያ ማዶ ሂድ፤ የእኛ ሰውዬ ከበር ጋር ተጣልቷል» እያለ ያስቅብኛል። የቤቴንም የውስጥ በሮች ነቅዬ መጋረጃ ሰቅያለሁ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ ከበያጅ ቤት በር ይጥፋ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኳት።

2. የዛሬ አሥራ ዘጠኝ ዓመት፣ በቀድሞው አስተዳደር ዘመን፣ ምርጫው ሦስት ወር ሲቀረው ሁለት ሰዎች ንድፍ ይዘው ሱቄ መጡ። አሥራ አንድ የብረት በር፣ ለመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ነው አሉ። ንድፉን ዘርግቼ አየሁት። መቀርቀሪያው በውጭ ብቻ ነው። በሰው ዓይን ልክ መዳፍ የምታህል መስኮት አለችው፤ እሷም የምትከፈተው ከውጭ ነው። ከታች ደግሞ ከወለሉ ስንዝር ከፍ ብሎ ሳህን የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ። መጋዘን ይህ ቀዳዳ ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅሁ። ወፍራሙ ሰውዬ «ድመት ትግባበት፤ አይጥ አስቸግሮናል» አለና ሳቀ። ጓደኛውም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አልገባኝም ነበር ብል እዋሻለሁ፤ ለድመት ተብሎ በዓይን ልክ መስኮት እንደማይወጣ ሕፃን ልጅም ያውቃል።

3. ይህን ቁጥር ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ቀድጄዋለሁ። ንድፉ ጉድለት ነበረበት። በሩ ማጠፊያው ላይ የሚቀመጠው በገዛ ክብደቱ ብቻ ነበር፤ የመቀርቀሪያው ቀለበትም ሰፊ ነው። በታችኛው ቀዳዳ ዘንግ አስገብተው ጥቂት ሰዎች አንድ ላይ ሽቅብ ቢያነሡት ከማጠፊያው ይወልቃል። የባለሙያ ዓይን ክፉ ነው፤ ጉድለት ላይ ነው የሚያርፈው። ማንም ሳይጠይቀኝ «ይሄ እኮ ከውስጥ ተነቅሎ ሊወጣ ይችላል» አልኳቸው። ከውስጥ ያልኩት እኔ ነኝ፤ በዚህች አፌ። ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ በየማጠፊያው አናት ላይ አውራ ጣት የምታክል ቁራጭ ብረት በየድኩና በሩ ሽቅብ እንዳይነሣ አደረግሁ። ወፍራሙ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ እጅህ ይባረክ አለኝ። ደስ አለኝ። ይህንንም ልደብቅዎ አልችልም።

4. በሮቹ ከየመቃናቸው ጋር እንዳይምታቱብኝ፣ በእያንዳንዱ በር ላይ በውስጥ በኩል፣ ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ፣ በሹል ብረት ነጥብ መታሁ። ለአንደኛው አንድ፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እንዲህ እያልኩ እስከ አሥራ አንድ። የሥራ ምልክት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። በኋላ ቀለም ስለተቀቡ ነጥቦቹን ዓይን አያገኛቸውም። ጣት ግን ያገኛቸዋል።

5. የባለቤቴ ታናሽ ወንድም የሒሳብ መምህር ነበር። በዚያ ምርጫ የጣቢያ ኃላፊ ሆነና በሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሞ ድምፅ አስቆጠረ። ቆጠራው እንዳለቀ ሌላ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት አምጥተው ፈርም አሉት። «የቆጠርኩትን ነው የምፈርመው» አላቸው። በሳምንቱ ከትምህርት ቤቱ ደጃፍ ዓይኑን በጨርቅ አስረው ወሰዱት። አሥራ አራት ወር የት እንዳለ አላወቅንም። ባለቤቴ ያላንኳኳችው ቢሮ አልነበረም፤ እኔም አብሬያት ዞሬአለሁ። በየቢሮው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የማስበው እነዚያን በሮች ነበር። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ እዚያ መጋዘን እንጠይቅ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ከየት አወቅህ ብትለኝ ምን እመልሳለሁ? ፈራሁ፤ የፈራሁትም ለራሴ ነው።

6. በተለቀቀ በሦስተኛው ቀን እኛ ቤት ምሳ ቀርቦ፣ ሳይነካው ነገረን። በአንድ ክፍል ስድስት ነበሩ። አንደኛው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ፣ የስኳር በሽተኛ ናቸው። መድኃኒታቸው አለቀ። ሁለት ቀን ሙሉ በሩን ደበደቡ፤ ሰሚ አላገኙም። በሦስተኛው ቀን አምስቱ የአልጋ ዘንግ ነቅለው በታችኛው ቀዳዳ አስገቡና በሩን ሽቅብ ለማንሣት ታገሉ። ለማምለጥ አልነበረም። ሽማግሌውን ኮሪደሩ ላይ አውጥተው ቢያስተኟቸው የሚያልፍ ዘበኛ ሳይወድ በግዱ ያያቸዋል ብለው ነው። በሩ ጥቂት ተነሣላቸው፤ ከዚያ በላይ ግን አንድ ነገር ያዘው። ቀኑን ሙሉ ታገሉ። ሽማግሌው በማግሥቱ ዐረፉ።

መምህሩ ይህን ተናግሮ ወደ እኔ ዞረና «ጋሼ፣ አንተ ብረት ታውቃለህ። ማን እንደሠራው እንጃ እንጂ ባለሙያ ነው፤ አምስት ሰው ፍንክች ሊያደርገው አልቻለም» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። የያዝኩትን ብርጭቆ አስቀምጬ፣ ዓይኔን ብየዳ አቃጥሎኛል ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ።

7. የዚያኑ ዕለት ሌላም ነገር ተናግሯል። የሚተኛው ከበሩ ሥር ነበር። ክፍሉ ጨለማ በመሆኑ በጣቱ ሲዳብስ ከማጠፊያው አጠገብ ዘጠኝ ነጥቦች አገኘ። ከእኛ በፊት በዚያ ክፍል ዘጠኝ ሰው አልቋል፣ ቁጥራቸውን የመታው የመጨረሻው ሰው ነው ብሎ አመነ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ሰው ሰጠው፤ አንዱ አባት፣ አንዱ ተማሪ፣ አንዷ ነፍሰ ጡር። ከወጣ በኋላም አልተዋቸውም። ሰው የታሰረበት ቤተሰብ ሁሉ ዘንድ እየሄደ፣ የእናንተ ሰው ከዘጠኙ አንዱ ይሆን እንዴ እያለ ይጠይቃል። የሰፈር ጎረምሶች «ዘጠኙ» ይሉታል። ወደ ማስተማርም አልመለሱትም።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእኔ ነቅዟል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ዘጠኝ የሌሉ ሰዎች ሲያለቅስላቸው እያየሁ፣ የእኔ ነጥቦች ናቸው ለማለት አልደፈርኩም። ነጥቦቹ የእኔ ናቸው ካልኩ በሩም የእኔ ነው፤ በሩ የእኔ ከሆነ ያቺ ቁራጭ ብረትም የእኔ ናት። መዶሻ ባነሣሁ ቁጥር ከብረቱ ማዶ ሰው የሚመልስልኝ ይመስለኛል። እጄን አቁሜ አዳምጣለሁ። ጎማ ጠጋኙ ጆሮዬ የደነቆረ መስሎት ይጮህብኛል።

8. ዘመን ተለወጠና አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። መምህሩ የክቱን ሙሉ ልብስ አስተኩሶ ለብሶ ሄዶ ምስክርነት ሰጠ። ዓይኑ ታስሮ ስለነበር ቦታውን በሚገባ መግለጽ አልቻለም፤ የዘጠኙን ሰዎች ነገር ግን በእርግጠኝነት ተናገረ። ባለፈው ወር ውሳኔ መጣለት። «ሞቱ የተባሉት ዘጠኝ ሰዎች ስለመኖራቸው ምንም ማስረጃ ባለመገኘቱ፣ ምስክሩ በግምት የጠቆሙት ሕንፃም የመለዋወጫ መጋዘን እንደነበር ስለተገለጸ፣ የምስክሩ ቃል እምነት የሚጣልበት ሆኖ አልተገኘም» ይላል። የልብስ ሰፊው ሞትም አብሮ ተሰረዘ። በቁጥር አልዋሽም ብሎ የታሰረ ሰው በቁጥር ዋሸ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ከቤት አይወጣም፤ እህቱ ምግብ ስትወስድለት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የምታገኘው።

9. ሕንፃው ለመንገድ ማስፋፊያ ፈርሷል። የቀሩት በሮቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም በእናንተ ግቢ ከአጥሩ ተደግፈው ዝናብ ሲመታቸው ከርመዋል። የግቢው ጥበቃ ፈቅዶልኝ ባለፈው ሐሙስ ገብቼ አየኋቸው። ዘጠነኛውን በጣቴ ፈልጌ አገኘሁት። የታችኛው ቀዳዳ ከንፈር ወደ ላይ ተጣሟል፤ የዘንጉ ጭረት አሁንም አለ። ከዚያ ማጠፊያው አናት ላይ ያለችውን ብየዳዬን አየኋት። እንዲያው ትንሽ ተሰንጥቃ ባገኛት ብዬ ተመኝቼ ነበር። አልተሰነጠቀችም።

10. ጨረታው መጋቢት 13 ቀን ነው። የመምህሩ የይግባኝ ጊዜ የሚያበቃው መጋቢት 20 ቀን ነው። በሮቹን የሚገዛው ሰው ከማቅለጥ በቀር ሌላ ነገር አያደርግባቸውም። ከቀለጡ እኔ ቃሌን ብሰጥ እንኳ የአንድ ሽማግሌ በያጅ ወሬ ሆኖ ይቀራል።

ስለዚህ በተራ ቁጥር 27 የተመዘገቡት በሮች ከጨረታው እንዲወጡልኝ፣ ለአጣሪ ኮሚሽኑም በማስረጃነት እንዲተላለፉልኝ እጠይቃለሁ። ኮሚሽኑ ባለበት በሮቹ ተቀላቅለው ይቁሙና የመምህሩ ዓይን ይታሰር፤ ዘጠነኛውን በጣቱ ለይቶ ያወጣዋል። ነጥቡን ስለምን እንደመታሁት፣ ቁራጭዋን ብረት ስለምን እንደበየድኩ፣ መቀርቀሪያውን ስለምን በውጭ እንዳደረግሁ እኔ እዚያው ቆሜ አስረዳለሁ። በዚህ ምክንያት የምጠየቅበት ነገር ካለ ሱቄ የት እንዳለ ጽፌአለሁ፤ ፈላጊ አያስፈልገኝም።

ክቡር ሆይ፣ መፈረም ሲቀረኝ ትናንት ከሰዓት በኋላ ይህንኑ ወረቀት ይዤ ከባለቤቴ ጋር መምህሩ ቤት ሄድኩ። ለሁለቱም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ባለቤቴ ቁጥር 3 ላይ ስደርስ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች፤ እስክጨርስ ፊቷን አላዞረችም። ማታም ወደ ቤት አልመጣችም፤ እዚያው ወንድሟ ዘንድ ናት። አልፈርድባትም።

መምህሩ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ስለ ቁራጭዋ ብረት አንድም ቃል አልተናገረም። «ዘጠኙ ሰዎች አልነበሩም ማለት ነው?» አለኝ።

አልነበሩም አልኩት። አንድም ሰው አልነበረም፤ ነጥብ ነው፣ እኔ ነኝ የመታሁት አልኩት። ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻው ሲወርድ አየሁ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ሸክም ያወረደ ሰው መሰለኝ። እኔም ቀለል አለኝ፤ ይቅር ሊለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ቀና ሲል ግን «ልብስ ሰፊውስ?» ብሎ ጠየቀኝ።

እሳቸው ነበሩ።

ክቡርነትዎ ጉዳዩን ከጨረታው ቀን በፊት ተመልክተው ውሳኔ እንዲሰጡልኝ በአክብሮት እለምናለሁ።

ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የአሥራ አንዱ በሮች ሠሪ

ግልባጭ፦
— ለአጣሪ ኮሚሽኑ
— ለመምህሩ
— ለልብስ ሰፊው ቤተሰብ፤ አድራሻቸውን ፈልጌ እስካገኝ እኔ ዘንድ የሚቆይ