ቅጹ ላይ ባዶ ስለቀረችው ቁጥር

ለክቡር የወንዞች ልኬት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤንነት እመኝልዎታለሁ፤ ወንበርዎ የሞቀ፣ ጫማዎ ደረቅ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ ከድልድዩ ሥር የቆመውን የውሃ መለኪያ ዘንግ ጠዋትና ማታ እያነበብኩ ለመሥሪያ ቤትዎ በስልክ የማሳውቅ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገልኩ ሠራተኛዎ ነኝ። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሰባት ደብዳቤዎች መልስ ስላጡ ነው።

1. ዘንጉ አምስት ሜትር ላይ ያበቃል። አንድ ሜትር ይጨመርበት እያልኩ በየዓመቱ ስለምን፣ ወንዙ ከዚያ በላይ መሙላት እንደማይችል በባለሙያ ተረጋግጧል ተብሎ በቃል ተነገረኝ። ይህን ለወንዙ በወቅቱ አለማሳወቄ የእኔ ጥፋት ነው።

2. ጎርፉ በመጣ ዕለት ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ዘንጉ ጨርሶ ተውጦ ነበር። ደውዬ ውሃው ሸፍኖታል ብል፣ ተረኛዋ ሠራተኛ ቅጹ ቁጥር እንጂ ወሬ እንደማይቀበል በትሕትና አስረድታኝ፣ ዘንጉ ብቅ ሲል መልሼ እንድደውል ነገረችኝ። አምስት ነው ብዬ ብዋሽ ኖሮ፣ ቁጥሩ አምስት ሲደርስ የሚደወለው የታችኛው መንደር የአደጋ ደወል ያኔውኑ በጮኸ ነበር። ነገር ግን በዓይንህ ያላነበብከውን ቁጥር አትስጥ ብላችሁ አሠልጥናችሁኛልና፣ እኔ ሞኙ ታማኝ ሆኜ ተገኘሁ። እግዜር ይይላችሁ።

3. ታናሽ እህቴ የምትኖረው በዚያው በታችኛው መንደር ነበር። ውሃው እዚያ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ ስልኩም በእጄ ነበር። አልደወልኩላትም። ከሦስት ዓመት በፊት ጎረቤቶቿን በራሴ ፈቃድ ባስጠነቅቅ፣ ሕዝብ አሸብረሃል ብለው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ የጻፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ እንጀራዬን ፈርቼ ዝም አልኩ። ሕዝቡ ሳይሸበር ስለሄደ ግን ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ባለፈው ሳምንት የደረሰኝ ደብዳቤዎ ደግሞ ከሁሉም የባሰ አስደነቀኝ። የዚያ ጠዋት ቦታ ቅጹ ላይ ባዶ ስለቀረ፣ 4.90 ብዬ ሞልቼና ፈርሜ በሦስት ቀን ውስጥ እንድመልስ አዘዋል። ቁጥሩ ከአምስት ካነሰ ደወሉ አለመደወሉ ጥፋት እንደማይሆን፣ ለአጣሪ ኮሚቴውም እንደሚመች አላጣሁትም። ያላዩትን መጻፍ እንደሚቻል ከእርስዎ ስማር፣ እህቴና አሥር ጎረቤቶቿ ከተቀበሩ ገና ወር አልሞላቸውም።

ቢሆንም ትእዛዝ ትእዛዝ ነውና ሜትሬን ይዤ ወደ እህቴ ቤት ወረድኩ። ጭቃው በመኝታ ቤቷ ግድግዳ ላይ የተወውን መስመር ከወለሉ ጀምሬ ስለካ ሁለት ሜትር ከአሥር ሆነ። የማውቀው ቁጥር ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ከየት እንደለካሁት ከጎኑ አስረድቼ ባዶው ቦታ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ፈርሜበታለሁም። ቅጂው ለኮሚቴውና ሰው ለሞተበት ቤት ሁሉ ደርሷል።

ማዕረግዎ ከዓመት ዓመት እንደ ወንዛችን እየሞላ እንዲሄድ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የድልድዩ ሥር ቁጥር አንባቢ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ቁመቷ አንድ ሜትር ከሃምሳ ስምንት ነበር። ይህም ለመዝገብዎ ካስፈለገ በዓይን የተነበበ ቁጥር ነው፤ ለሬሳ ሣጥኗ የለካኋት እኔ ነኝ።