ካልነፋሁ አልመሸም

ሜይ 6፣ ሰኞ

ጠዋት ዝናብ። ክፍል ውስጥ ሁለት ልጆች ተደባደቡ። ምክንያቱን ስጠይቅ ሁለቱም ረስተውታል።

ማታ አባባ እንደ ልማዱ ደጃፍ ላይ። እንደ መለከት የሚነፋው ትልቁ ዛጎል ጭኑ ላይ፣ ዓይኑ መንገዱ ላይ። የመንደሩ የማታ ጸሎት የሚጀመረው እሱ ዛጎሉን ሲነፋ ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ አንድ ካርቶን የቆርቆሮ ዓሣ ይቀጣል። ስለዚህ አባባ ሰው ሁሉ ሳይገባ አይነፋም። ዛሬ የቀረችው ጎረቤታችን ሎሳ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ እርሻውን ብቻዋን ነው የያዘችው። ጎደሬ ተሸክማ፣ በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ቀስ እያለች...

ሲአኪ ዱላውን ይዞ መጣ። መንገዱን የሚጠብቁት ጎረምሶች አለቃ እሱ ነው።

«አባባ ኤኔሊኮ፣ መሸ እኮ። አይነፉም እንዴ?»

አባባ ቀና እንኳ ሳይል፣ «ካልነፋሁ አልመሸም።»

ሉፔ ስትስቅ ሰማሁ። የእህቴ ልጅ፣ ከኦክላንድ ለእረፍት የመጣችው። ስልኳን ደቅናበት ነበር።

ሜይ 8፣ ረቡዕ

ሉፔ ቪዲዮውን ኢንተርኔት ላይ ለቀቀችው። ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ሎሳ የለችበትም፣ መንገዱም የለበትም። የአባባ ፊት፣ ዛጎሉና ያቺ ንግግር ብቻ። «አክስቴ፣ ሰው አበደ እኮ!» ትላለች። ለምን ያብዳል? ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ነው።

ሜይ 13፣ ሰኞ

ማሌኮን «የቤት ሥራህ የታለ?» አልኩት።

«መምህርት፣ ካልነፋሁ አልመሸም።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አስወጣሁት። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ሳቄ መጣ... ፊቴን ወደ ሰሌዳው አዞርኩ።

ሜይ 18፣ ቅዳሜ

ከተማ ወርጄ አፒያ ገበያ ገባሁ። የአውቶቡሱ ኋላ ላይ ያቺው የአባባ ንግግር በቀይ ቀለም ተጽፋለች። ሹፌሩ ድሮም ይዘገይ ነበር፣ አሁን ምክንያት አገኘ። ገበያው ውስጥ አንዲት ሴት ካናቴራ ትሸጣለች። ንግግሩ የአባባ፣ ፎቶው የማላውቀው ሽማግሌ።

«ይሄ ማነው?»

«የዛጎሉ ሰውዬ ነዋ።»

«አይደለም።»

«አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?»

ምን ልበላት? ሽንኩርቴን ገዝቼ ሄድኩ። ሉፔ እንደምትለው ኦክላንድ ውስጥ ደግሞ በጨዋታ እየተመራ ያለ ቡድን ደጋፊ በሙሉ ይህንኑ ነው የሚጮኸው። ቀኗ ያለፈ አንዲት ነፍሰ ጡርም ሆዷን ፎቶ አንስታ ሥሩ ጽፋበታለች። ይሄኛው እንኳ ቦታው ነው።

ሜይ 20፣ ሰኞ

ጉድ ፈላ። ትናንት ጥበቃ ላይ ያልነበሩ ጎረምሶች ጸሎት ሰዓት ላይ መንገድ ወጥተው ሲንጎራደዱ ተገኙ። ሲአኪ ሲቆጣቸው «እኛ ገና አልነፋንም» አሉት። ዛሬ የመንደራችን ሹም ሌአታ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። አባባም ተጠራ።

የግድግዳ ሰዓት በብብቱ ይዞ ተመለሰ።

«ምን አሉህ አባባ?»

«ሰዓት ሰጡኝ።»

ሌላውን ከሲአኪ ሰማሁ። ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይነፋል። አንድ ቀን ካሳለፈ ዛጎሉ ለሲአኪ ይሰጣል። ያቺ ንግግር ደግሞ በመንደሩ ውስጥ ክልክል ናት፤ የተናገራት አንድ ካርቶን ዓሣ።

ዛጎሉ የአያቴ ነበር። አባባ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሌላ ሥራ አለኝ ብሎ አያውቅም። ሉፔ አለቀሰች። «ላጥፋው?» አለችኝ። የቱን ታጠፋዋለች? ከሳሞአ ወጥቶ ፊጂ ሳይቀር ገብቷል። ተናድጄባታለሁ።

ሜይ 23፣ ሐሙስ

አሥራ ሁለት ሲሆን ሎሳ የቤቷ አጥር ጋ ደርሳ ነበር። አባባ አያት። ሰዓቱን አየ። እንደገና እሷን አየ።

ነፋ።

ሲአኪ አንገቱን ደፍቶ ቅጣቱን ነገራት። ከጸሎት በኋላ አባባ ቅጣቷን እንድትከፍልበት ጓዳ ካለን ዓሣ አንድ ካርቶን ተሸክሞ ወደ ሎሳ ቤት ሄደ። እራት አልበላም። አባቴን እንዲህ ሆኖ አይቼው አላውቅም... አንጀቴን በላው።

ሜይ 28፣ ማክሰኞ

ነርሷ ፊሊ ተቀጣች። አውቶቡሱ ዘግይቶባት ነው። የእሷንም አባባ ከፈለ፤ ጓዳችን ባዶ። አባባ የሚያወራው ከሰዓቱ ጋር ብቻ ነው፣ እሱንም ሲሰድበው።

ጁን 3፣ ሰኞ

ይሄን ሳልጽፍ አልተኛም።

አሥራ ሁለት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። «ታውሲ፣ ሌአታ ነኝ። አባትሽን አገናኚኝ።» ድምፁን ከፍቼ አባባ ፊት አስቀመጥኩት።

«ኤኔሊኮ፣ ከአፒያ በአውቶቡስ እየመጣሁ ነው። ድልድዩ ጋ ነኝ።»

«እሺ ጌታዬ።»

«ጎማ ፈንድቶ ነው የዘገየነው።»

«አይዞዎት።»

የሹም ቅጣት ካርቶን አይደለም፣ አሳማ ነው። ሕጉን ያወጡት ደግሞ ራሳቸው።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

«አሥራ ሁለት ሊሆን ነው። የሰጡኝ ሰዓት ዝንፍ አይልም።»

ሲአኪ በሩ ላይ ቆሟል፣ ዱላውን ይዞ።

«ኤኔሊኮ... መሽቷል እንዴ?»

አባባ ዛጎሉን በእጁ አገላበጠ። ሉፔ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

«መልስልኝ እንጂ።»

«መልሱ ክልክል ነው ጌታዬ። አንድ ካርቶን ያስቀጣል።»

ሹሙ ቀስ ብለው፣ «ካርቶኑን እኔ እከፍላለሁ። በል።»

አባባ ጉሮሮውን ጠረገ። «ካልነፋሁ አልመሸም።»

ስልኩ ውስጥ አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ። ሲአኪ ሰዓቱን አየና ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ።

አውቶቡሱ መጣ። ሹሙ ወርደው ገቡ፤ ሹም አይሮጥም፣ ግን ሩጫ የሚመስል ነገር ነበር። ሲአኪ «ገብተዋል እኮ» አለ።

«ፊሊ አልገባችም» አለ አባባ። እሷም ስትገባ ነፋ።

ጁን 10፣ ሰኞ

ሉፔ ቅዳሜ ሄደች። ቪዲዮው ተረስቷል አለችኝ በስልክ፤ አሁን የሰው ሁሉ አፍ ላይ ያለው ስለ አንዲት ድመት የተባለ ነገር ነው። ካናቴራዋ ሴት ምን ይውጣት ይሆን?

የሹሙ ካርቶን መጣ። አባባ ለሎሳ ላከላት።

ሰዓቱ ግድግዳው ላይ ቆሟል። ባትሪው የአባባ ሬዲዮ ውስጥ ነው። ትናንት ሹም ሌአታ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ እኛ ጋ በሉ። ሰዓቱን አዩት። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ። ጎደሬ ጨምሪልኝ አሉ።

ዛሬ ሎሳ ዘገየች። ጠበቅናት።