አልቀመጥ ያለኝ ሥዕል

ለውድ እህቴ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልሽ ቁጥር ይይዝሻል? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የእማዬስ ጉልበት እንዴት ነው? እኔ ብርዱ ከሚያስነጥሰኝ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ሰውነቴን ነው፤ ልቤን ከጠየቅሽኝ ሰሞኑን አላርፍ ብሎኛል። ስለ አባዬ ያልጠየቅሁት ረስቼ አይደለም። እሱን ለብቻው ነው የምጠይቅሽ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፣ ከሥሩ ልጀምርልሽ። በየቅዳሜው ሥዕል መማር እንደጀመርሁ ነግሬሻለሁ። ያስገባኝ የወንበር ልብስ የምሰፋበት ወርክሾፕ አለቃዬ ነው። ደንበኞቹ ወንበሩ ላይ ሰው ተቀምጦ ካላዩ ስፋቱ አይታያቸውም፤ ስለዚህ የሚሥልለት ሰው ፈለገ። ስምንት ዓመት ሙሉ ወንበር ስታለብስ የኖረች ሴት የተቀመጠ ሰው መሣል ምን ያቅታታል ብዬ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። አቃተኝ። የሠራሁት ሰው ሁሉ ከወንበሩ ተንሸራቶ ሊወርድ ነው የሚመስለው። አስተማሪያችን ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። አንዱን ሥዕሌን ቀና አድርጋ አየችና፣ ሰውዬሽ ታክሲ መጥቶለታል እንዴ አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ አውካካ። ከማጥፋቴ ብዛት ስሜም ላጲስ ሆኖ ቀርቷል።

ስህተቴ በኋላ ነው የገባኝ። የማውቀውን እንጂ የማየውን አልሥልም ነበር። ፊት ለፊትሽ የተቀመጠ ሰው ጭኑ አጭር ሆኖ ነው የሚታየው፤ እኔ ግን ጭን ረጅም መሆኑን ስለማውቅ አስረዝመዋለሁ፣ ሰውዬውም ይንሸራተትብኛል። ደግሞ ሁላችንም ከፊት ነበር የምንጀምረው። አስተማሪያችን ፊት መጀመር ከለከለችን። መጀመሪያ የወንበሩ መቀመጫ፣ ከዚያ ዳሌው የሚያርፍበት፣ ከዚያ የጀርባው መስመር፣ ጉልበትና እግር፤ ፊት መጨረሻ ነው። ክብደቱ የት እንዳረፈ ሳታውቁ እርሳስ አታንሱ ትለናለች። አሁን አውቶቡስ ውስጥ እንኳ የሰውን ፊት ትቼ በየትኛው ጎኑ እንደተደገፈ ነው የማየው፤ ሰዎቹም በክፉ ዓይን እያዩኝ ቦርሳቸውን ያቅፋሉ።

ባለፈው ሳምንት ከቤተሰባችን የተቀመጠ ሰው ፎቶ አምጥተን እንድንሥል ታዘዝን። አንቺ በቅርቡ የላክሽልኝን የአባዬን ወሰድሁ፤ መስኮቱ ሥር ትልቁ ወንበር ላይ ግራጫ ኮቱን ለብሶ የተነሳውን። ሲደርሰኝ ፊቱን ብቻ አይቼ፣ ስሜው፣ ግድግዳ ላይ ለጥፌው ነበር። መሣል ስጀምር ግን አልቀመጥ አለኝ። አራት ጊዜ አጠፋሁት፤ ወረቀቱ ሳስቶ ሊቀደድ ደረሰ። ክብደቱን የማሳርፍበት ቦታ አጣሁ። ግራ ትከሻው ወርዷል። ከግራ ክንዱ ሥር ትራስ ተሸጉጧል። ግራ እጁ መዳፉ ወደ ላይ ሆኖ ጭኑ ላይ ወድቋል፤ አባዬ መቼ ነው እጁን እንደዚያ የሚያስቀምጠው? የኮቱ ኮሌታ ወደ ላይ ተስቧል። የኮሌታውን መስመር ስከተል ከወንበሩ መደገፊያ በላይ ኮቱን ጨምድደው የያዙ ሦስት ጣቶች አገኘሁ። ጣቶቹ ያንቺ ናቸው እትዬ፤ ቀለበትሽን አውቀዋለሁ።

ስህተቴን እንድታሳየኝ አስተማሪዋን ለመንኋት። ፎቶውንና ሥዕሉን ጎን ለጎን አድርጋ መስመር በመስመር አስተያየቻቸው። በኋላ፣ ሥዕሉ ስህተት የለበትም፣ አባትሽ ተቀምጠው ሳይሆን ተይዘው ነው አለችኝ።

ሦስት ወር ሙሉ በደወልሁ ቁጥር ወይ ወጣ ብሏል፣ ወይ ጎረቤት ሄዷል፣ ወይ ተኝቷል ትሉኛላችሁ። እኔም ሞኟ፣ ይሄ ሽማግሌ በስተርጅና ዙረት አበዛ ብዬ እስቅ ነበር። እንዳልጨነቅ ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም ትያለሽ፤ እኔም አንቺን ብሆን ያንኑ አደርግ ይሆናል። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ጭንቀቱም አልቀረልኝ፤ መርፌው ጣቴን ይወጋኛል። በስልክ ብጠይቅሽ እንደ ልማድሽ ታባብይኛለሽ ብዬ ነው ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ በምትመጣ የሥራ ጓደኛዬ እጅ የላክሁልሽ። ዓይኔን በጨው አጥቤም አለቃዬን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ። በወሩ መጨረሻ ትልቅ የሆቴል ሥራ ስለሚጀመር፣ ከዚያ በፊት ከሆነ ሂጂ፣ ከዚያ ወዲያ ግን አለቅሽም ብሎኛል። ስለዚህ ቶሎ እውነቱን ንገሪኝ። እጁ ብቻ ነው? ይናገራል? ያውቃችኋል? ብመጣ እደርስበታለሁ?

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ። ባለቤትሽን ሰላም በዪልኝ፤ አባዬን ሲያነሳና ሲያስተኛ የሚውለው እሱ ሳይሆን አይቀርምና እግዜር ይስጥልኝ። ትልቋን ልጅሽን እቀፊልኝ፣ ትንሹን ሁለቱንም ጉንጩን ስሚልኝ። ለአባዬ ግን ሰላምታዬን በቃል አታድርሺ። ሥዕሉን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ግራ እጁ ላይ አኑሪለት። ከያዘው ንገሪኝ፤ ካልያዘውም ንገሪኝ።

ታናሽ እህትሽ

ከወርክሾፑ ጓዳ፣ ሐሙስ መጋቢት 9 ቀን