ለነፋሱ አንድ ሌንስ

ዓርብ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ከስቱዲዮው፣ ከመጋረጃው ጀርባ

ለድንቡሼው ወንድሜ፣

ስለ ጤናህ ቀስ ብዬ እጠይቅሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ዜናውን ልንገርህ፣ አለበለዚያ ልፈነዳ ነው። መሥሪያ ቤትህ ፈቅዶልኛል። ዕቃ በሚያመላልስላችሁ መኪና፣ ከሾፌሩ ጎን ቦታ ሰጥተውኛል። ሐሙስ ጠዋት ተነስቼ ማታ እናንተ ጋ እደርሳለሁ፣ እሑድ መልሶ ያመጣኛል። ስልኩን ዘግቼ ጮቤ ስረግጥ የመጋረጃውን ዘንግ በክርኔ መታሁትና ለፓስፖርት ፎቶ የተቀመጠው ሰውዬ ላይ ወደቀበት። እኔ ስስቅ እሱም ሳቀ። ፓስፖርት ደግሞ ሳቅ አይወድም፣ እንደገና አነሳሁት።

አስበው እስቲ። ዕድሜዬን ሙሉ “አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ ዓይን እዚህ” ስል ኖሬ አሁን ገደል ላነሳ ነው። ገደል አገጭህን ቀና አድርግ አይባል ነገር። የላክህልኝን ፎቶዎች ኮምፒውተሩ ላይ እያሰፋሁ ሳያቸው ሰነበትኩ። ተሰንጥቆ የቆመውን ቋጥኝ፣ ነፋሱ ወደ አንድ ጎን ያስተኛውን ቁጥቋጦ፣ የምትወጣበትን የነፋስ መለኪያ ማማ፣ ሁሉንም ለመድኳቸው። አንተ ግን የትም የለህም። አንዱ ፎቶ ላይ ብቻ፣ ከታች ጥግ፣ ኮፍያ ያደረገ ጥላ አገኘሁና እማዬን ጠርቼ አሳየኋት። “ከስቷል” አለች። በጥላ አይታ ነው እንግዲህ።

አሁን ወደ ሌንሶቹ። ረጅሙን ታውቀዋለህ፤ የሩቁን ጎትቶ አፍንጫህ ሥር ያመጣዋል፣ ክብደቱ ግን አንገት ይሰብራል። ሰማኒያ አምስት ሚሊሜትሩ እንጀራችን ነው፤ ከሙሽራ እስከ ተመራቂ ፊት ሁሉ ያለፈው በሱ ነው። ሠላሳ አምስቱ ደግሞ ሰፋ ያለው ነው፤ ገደሉን ከነሰማዩ ይይዝልኛል፣ ሰው ለማንሳት ግን እላዩ ላይ ካልወጣህ አይሆንም። ሦስቱንም ይዤ፣ እዚያ እንደየሁኔታው እየቀያየርኩ ላነሳ ነበር ሐሳቤ።

እስኪ ልለማመድ ብዬ ምን አደረግሁ መሰለህ? የሙሽሮችን ቬሎ የምናበርርበትን ትልቁን ፋን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ለአቧራ ደግሞ የሕፃን ፓውደር ፊቱ በተንኩ። ከዚያ ጎበዝ ነኝ ብዬ መሃሉ ቆሜ ሌንስ ቀየርኩ። ፓውደሩ ካሜራው ሆድ ውስጥ ገብቶ የማነሳው ሁሉ ጭጋግ ሆነ። ዶክተር የምንላቸው ካሜራ ጠጋኝ ጎረቤታችን ከፍተው ሲያዩት መነጽራቸውን አወለቁ።

“ልጄ፣ ይሄን ማን አደረገው?”

“ነፋስ” አልኳቸው፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

“እጠርግልሻለሁ፤ የገደል አቧራ ግን ከዚህ የባሰ ነው። አንዱን ሌንስ እዚሁ ግጠሚ፣ እስክትመለሺ እንዳትነቅዪው። አልሰማም ካልሽ ካሜራውን ከወዲሁ ለኔ ተናዘዢልኝ።”

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሌንስ ብቻ መያዝ አለብኝ፣ እማዬ ደግሞ ምርጫዋን ጨርሳለች። “ረጅሙን ያዢ። ከቋጥኝ ጀርባ ሆነሽ ሳያይሽ ፊቱን አንሺልኝ” አለች። የማማው ገመድ ተበጥሶ ጉንጭህን ከመታህ ወዲህ ፊትህን አላየችም፤ ዓመት አለፈ። አንተ ደግሞ “ነይ፣ ግን እኔን አታንሺኝ” ብለኸኛል። በሁለታችሁ መሃል ተወጥሬ ቀረሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም በጣም ልይህ ስለፈለግሁ የሷ ሐሳብ ጣፈጠኝ።

ረጅሙን ገጠምኩና በመስኮት መሞከር ጀመርኩ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ እያንጎራጎረች ስትሰፋ፣ አፏ ውስጥ የያዘችው መርፌ ሳይቀር ይታየኛል። ቀና ስትል አየችኝ። የምትሰፋውን ጨርቅ ብድግ አድርጋ ፊቷን ሸፈነች። የአሥር ዓመት ደንበኛዬ ናት፣ የልጆቿን ፎቶ ሁሉ ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋትና ተመልሼ ረጅሙን ነቀልኩት።

ትናንት ከሰዓት እማዬን ወንበሩ ላይ አስቀምጬ ሠላሳ አምስቱን ሞከርኩት። ፋኑንም ለቀቅሁባት፣ ያለ ፓውደር። ፊቷን ለመሙላት ጉልበቴ ጉልበቷን እስኪነካ መቅረብ ነበረብኝ። “ልታነሺኝ ነው ልትስሚኝ?” አለችና አፏን በእጇ ያዘች።

ያልነገርንህ ነገር አለ። ክረምት ላይ ደረጃው አዳልጧት ወድቃ ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል። እንዳትደነግጥ፣ ደህና ናት፤ ከአጥንት በቀር የማትበላው የለም። በስልክ ስታወራ የሚያፏጨው መስመሩ ነው ያልንህ ውሸት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት አትስቅም፣ እኔም አንስቻት አላውቅም።

“ካልፈለግሽ ይቅር” አልኳትና ካሜራውን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ወደ ፋኑ ዞረች። “እሱም እንዲህ ነው የሚያደርገው?” አለችኝ።

“ምን?”

“እጁን ፊቱ ላይ።”

“አላውቅም እማዬ። እኔም እንዳንቺው ነኝ፣ አላየሁትም።”

እጇን አወረደች። “በይ አንሺኝ። መጀመሪያ እሱ የኔን ይየው” አለች። ነፋሱ ሻሿን ገልቦ ዓይኗ ላይ ሲጥለው ሳቀች፣ እኔም ቁልፉን ተጫንኩት። ፎቶው ከደብዳቤው ጋር አለልህ። ሳታፍር ሳቅ፤ እሷ ራሷ ስታየው ከት ብላ ነው የሳቀችው። እኔ ግን ሳጥበው አልቅሻለሁ።

እንግዲህ ሠላሳ አምስቱ ተገጥሟል። ረጅሙን ለዶክተር አውሼአቸዋለሁ፣ ወፍ ያንሱበት። ገደልህንም ማማህንም አነሳለሁ፤ አንተን ግን በአፍህ አንሺኝ ካላልከኝ አላነሳህም። እማዬም ተስማምታለች፣ ማለቴ ተስማምቻለሁ ብላለች።

ማማው ላይ ስትወጣ ፈጣሪ ገመድህን ይያዝልህ፣ እግርህን ያጽናልህ። እማዬ “የወጣህበት ሁሉ በሰላም ያውርድህ” ብለሽ ጻፊ ብላኛለች፤ አጠገቤ ቆማ መጻፌን እያየች ነው።

ሐሙስ ማታ ከመኪናው ስወርድ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይሆናል። መጀመሪያ በዓይኔ ልይህ።

በጣም የናፈቅካት እህትህ