ከመደቡ ጀርባ የነበረው ግድግዳ

ይድረስ ለደሳለኝ፣ ለኔው ሰው፤

ደስዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ለሞተ ሰው እንደዚህ ተብሎ እንደማይጻፍ አላጣሁትም። ግን ደብዳቤ የሚጀመርበትን ሌላ መንገድ አላውቅም፤ በሕይወት ሳለህም አዲ አርቃይ መንገድ ጥገና ሄደህ ስትቆይብኝ እንደዚሁ እያልኩ ነበር የምጽፍልህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህቺን "ደህና ነኝ" ደግሞ አንተ ታውቃታለህ።

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ተዝካርህን እንደ አቅሜ አወጣሁ። የንስሐ አባታችንም ጓደኞችህም ነበሩ፣ በልተው ጠጥተው መርቀውህ ሄዱ። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለዚያ አይደለም። ቤት ገዛሁ ደስዬ! አዎ፣ እኔ ጥሩሰው፣ ሽንኩርት ለመግዛት እንኳ አንተን "የትኛው ይሻላል" እያልኩ የማደርቅህ ሴት፣ እዚሁ ደባርቅ ላይ ቤት ገዛሁ። ለማን ልንገር? አንተ ካልሰማኸው የተገዛ አይመስለኝም።

ካምፑን ለቅቄያለሁ። የመንገድ ሥራው ካምፕ ቤት የሠራተኛ ነው፣ ሠራተኛው ደግሞ አንተ ነበርክ። አለቃህ ባርኔጣውን በእጁ እያሻሸ መጥቶ፣ እስከ ሰኔ መቆየት እንደምችል ነገረኝ። ባንተ ግሬደር ላይ አዲስ ሾፌር መጥቷል፣ ብዙ ልጆች አሉት። አልቀየምኩም። ግሬደሩ በደጄ ባለፈ ቁጥር ግን ተነስቼ በር መክፈቴን መተው አልቻልኩም ነበር።

ወንድሜ ታደሰ ከዳባት መጣ። ዕቃሽን ጫኚና ከኛ ጋር ኑሪ አለኝ። ደግ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን የሰው ቤት የሰው ቤት ነው ደስዬ። የምቀመጠው ሚስቱ በምታሳየኝ ጥግ ላይ ነው፣ ወጥ ስታቀጥን አይቼ እንዳላየሁ ልሆን ነው። እሱስ ይቻል ነበር። ያልቻልኩት ሌላውን ነው። እዚህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስወጣ መቃብርህ ዘንድ ጎራ እላለሁ፣ ሣሩን እነቅላለሁ፣ ትንሽ አማሃለሁ፣ እሄዳለሁ። ከዳባት እንዲህ ልበል ብል ለያንዳንዷ ጉዞ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት መለመን አለብኝ። ጓድ ሊቀመንበሩ "ምክንያት?" ብሎ ሲጠይቀኝ ምን ልለው ነው? "ባሌን ላማ" ልለው ነው? በዓመት አንዴ እመጣ ይሆናል። ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ደባርቅ ላይ ጎጆ ካላገኘሁ አንተን ሁለተኛ ልቀብርህ ነው ብዬ አሰብኩ፣ እንቅልፍም አጣሁ።

የእትዬ ብርቄ ቤት የተገኘው በዚህ መሃል ነው። ከገበያው በላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ያለችው፣ አሮጌ ቆርቆሮ የለበሰችው ቤት። የትርፍ ቤት አዋጁ ሲመጣ ሌላ ቤት ስላልነበራቸው ቤታቸው አልተወሰደባቸውም። አሁን ጎንደር ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነውና እንዲሸጡ ተፈቀደላቸው። ቤቱን ልይ ብዬ ሄድኩ። ጊዜው በዓለ ኀምሳ ነበርና ሴትየዋ ዶሮ ሠርተው ጠበቁኝ! "ኧረ ቤቱን ልይ" ብል ማን ሰምቶኝ። አጎረሱኝ፣ ደገሙኝ። ጉርሻቸው ከጉሮሮዬ ሳይወርድ ግድግዳቸውን እንዴት ላንኳኳው? ቀና ብዬ ጣራውን እንኳ ማየት አፈርኩ። "ጥሩ ቤት ነው" ብዬ መርቄ ወጣሁ።

አንተ ብታይ ኖሮ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ያቺ ከዳባት ያመጣሃት ላም ትዝ አለችኝ። ሰውየው ጠላ እየቀዳ አጠጥቶህ፣ ጡቷን ሳታይ፣ ዕድሜዋን ሳትጠይቅ ነድተሃት መጣህ፤ እሷም እኔን ከመራገጥ በቀር አንድ ጠብታ ሳትሰጠን ከረመች። ስጮህብህ "ጠላውን ጠጥቼ ጥርሷን ልቁጠር እንዴ?" አልከኝ። ዓመት ሙሉ ሳቅሁብህ። ይኸው የኔ ተራ ደረሰ፣ የሚስቅብኝ የለም እንጂ።

እንግዲህ ዓይን ያለው ሰው ይፈለግ ተባለ። የኅብረት ሱቁ ደጃፍ ስኳር ልንወስድ ተሰልፈን፣ ሴቶቹ ስለ አቶ ተገኝ ነገሩኝ። የድብ ባሕር ሰው ናቸው፣ ድሮ ቤት ሠሪ ነበሩ፣ ጉልበታቸው እንቢ ሲላቸው ለገዢ ቤት እያዩ መኖር ጀመሩ። ታደሰ ሲሰማ ሳቀብኝ፦ "ለጭቃ ቤት ሐኪም ትጠሪለት ጀመር?" አዎ ጠራሁለት። ለሰውየው ላክሁባቸውና በማግሥቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ከች አሉ።

ምን ዓይነት ጉረኛ ሽማግሌ መሰሉህ! ከመናኸሪያው እስከ ቤቱ ድረስ በአገሩ ያለውን ቤት ሁሉ ሲያጣጥሉ መጡ፤ ይኼ ዘሟል፣ ያኛው አናቱ ከብዶታል፣ የዚህን ሠሪ እኔ አውቀዋለሁ፣ ሰካራም ነው። ደጃፉ ስንደርስ ግን ቆም ብለው ሕጋቸውን ነገሩኝ። በሚያዩት ቤት ውኃ እንኳ አይቀምሱም። እኔም እስኪጨርሱ አልቀምስም። በዶሮው ያፈረ ፊቴን ያዩብኝ ይመስል።

እትዬ ብርቄ ሞሰብ አቅርበው ነበር። "አልበላም" ሲሏቸው ፊታቸው ጠቆረ። "ምን ቢያዩብኝ ነው እህሌን የሚጠየፉኝ?" አሉ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። ሽማግሌው ግን ምንም ሳይመስላቸው፣ "እመቤቴ፣ እህልዎን ከቀመስኩ ምላሴ የርስዎ ይሆናል፤ ዛሬ ደግሞ የሷ ነው" ብለው ገቡ።

መብራት አስጠፉ፣ በር አዘጉ፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን ፈለጉ። ቋሚዎቹን በመዶሻ እያንኳኩ ጆሯቸውን ለጠፉ። ግድግዳ ያሸታሉ ደስዬ! እውነቴን ነው፣ አፍንጫቸውን አስጠግተው ግድግዳውን ዞሩት። ቋሚው ወይራ ነው፣ ወራጁ ጥድ ነው፣ ጣራው ገና ብዙ ዓመት ይሄዳል አሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። አልጋዬን የት እንደማደርግ፣ ሣጥናችንን የት እንደማሳርፍ በሆዴ እያሰላሁ ነበር።

ከዚያ አረፍ ልበል ብለው የኋላው ግድግዳ ሥር ካለችው መደብ ላይ ተቀመጡና ወዲያው ተነሱ። መዳፋቸውን አኖሩባት። "ይህቺ መደብ ከቤቱ ጋር አልተሠራችም" አሉ። ከያዙት ዕቃ አንዲት ቀጭን ሹል ብረት አወጡና ከመደቧ ጀርባ ወደ ግድግዳው ሰደዷት፣ እስከ እጀታዋ ድረስ ገባች። ብረቷ ስትወጣ የያዘችው ጥቁር ብስባሽ ነው። ለካ በየክረምቱ ከላይ ከዳገቱ የሚወርደው ውኃ ከዚያ ግድግዳ ጀርባ ይተኛል። መደቧ ደግሞ ውኃውን እንዳይደርቅ ታቅፋ ይዛዋለች። የቋሚዎቹ እግር በስብሶ አልቋል። ከፊት በኩል ምርጊቱ ያምራል፣ በኖራ ተቀብቷል። "ዘንድሮን ይቆም ይሆናል፣ ከርሞ ግን እተኛችበት ይወርድባታል" አሉ ፊት ለፊታቸው።

እትዬ ብርቄ ብድግ አሉ። "ቤቴን ልታዋርዱ ነው የመጣችሁት? አልሸጥም! ውጡልኝ!" እኔን ደግሞ አዩኝ፤ ያን ሁሉ ያጎረሱኝ ሴት። ሽማግሌው በደስታ ነው የወጡት፣ "አመለጥሽ ልጄ" እያሉ። ከሰዓት እላፊው በፊት ልግባ ብለው አውቶቡሳቸውን ተሳፈሩ። እኔ ግን ያመለጥኩ አልመሰለኝም። ታደሰም ወሬውን ሰምቶ፣ ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ፣ ዕቃሽን አሰናጂ ብሎ ላከብኝ።

ዕቃ ማሰናዳት ጀመርኩ። የዝናብ ካፖርትህን ከምስማሩ ሳወርደው እጄ እንቢ አለኝ። ተቀመጥኩና አለቀስኩ፣ አንተንም ተቆጣሁህ፣ ለምን ጥለኸኝ ሄድክ ብዬ። ከዚያ ዓይኔን በጨው አጥቤ እትዬ ብርቄ ዘንድ ተመለስኩ።

ለወጉ ያህል አስገቡኝ። ውኃ እንኳ አላቀረቡልኝም። እሳቸው ከዚያች መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ምን እንደምል ጠፍቶኝ፣ "መደቧን ማን ሠራት?" አልኳቸው። መደቧን በመዳፋቸው እየደባበሱ ነገሩኝ። ባላቸው የሞቱበት ክረምት ነው። ውኃው በግድግዳው ሥር ሰርጎ ቤት ገባ። ባዶ ቤት ወንድ መጥራት አፈሩ፣ ልጃቸው ሩቅ ናት። ራሳቸው አፈር ቆፍረው፣ ጭድ ለውሰው፣ በእጃቸው መደብ ሠርተው ውኃውን ደፈኑት። ከዚያ ወዲህ ውኃ አላዩም። አሸነፍኩት ብለው ነበር። እንግዳ ሲመጣ የሚያስቀምጡት እዚያች ላይ ነበር፣ እኔ ነኝ የሠራኋት እያሉ። "ሰውዬው በብረቱ የወጋው ግድግዳዬን አይደለም፣ እኔን ነው" አሉኝ።

 ማንን ሊጠይቁ ኖሯል? እኔስ ማንን ልጠይቅ ነው? "እትዬ፣ እኔ ብሆን ከዚህ አስበልጬ ነበር የምሠራት፣ እስከ ጣራ ድረስ" አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሁለታችንም ተያይዘን አለቀስን፣ እሳቸው ለባላቸው፣ እኔ ላንተ። ልቅሶው ሲበርድልን እንደሚሸጡልኝ ነገሩኝ። አንድ ነገር ብቻ አስማሉኝ፦ እሳቸው የጎንደር አውቶቡስ ላይ ሳይወጡ መደቧ እንዳትፈርስ።

አላፈረስኳትም። ሸኝቻቸው፣ አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ፣ ከዚያ ነው ዶማ የተነሳው። የካምፑ ጓደኞችህ ከሥራ ሲወጡ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ሠሩልኝ። የኋላውን ግድግዳ አወረዱት፣ ቋሚዎቹን ለወጡ፣ ከሥር ድንጋይ አኖሩ፣ ከላይ ከዳገቱ በኩል ቦይ ቀደዱ። እኔ ጠላ ይዤ ብቅ ስል ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ያንተን ነገር እያነሱ እንደነበር ገብቶኛል። ምነው ባያቋርጡት! ስምህን ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ጨረሱና ሄዱ። ቤት ጭር ሲል እንዴት እንደሆነ አንተ አታውቀውም ደስዬ፤ አንተ ስትመጣ ሁልጊዜ እኔ ነበርኩበት። ደመናው ከራስ ደጀን በኩል ጠቁሮ ሲመጣ "መጣልህ፣ ልብሱን አስገባ" ብዬ የምጮህበት ሰው የለም። ልብሱን ራሴ አስገባለሁ። የቀረው ቀን ረጅም ነው።

ሰኔ ሲከርር፣ ያ የምታውቀው ዓይነት ዝናብ በወረደበት ከሰዓት፣ አቶ ተገኝ በስብሰው መጡ። ቤት የሚታየው ሲዘንብ ነው፣ ያኔ መጥቼ አየዋለሁ ብለው ልከውብኝ ነበር። ቤቱን መግዛቴን ሲሰሙ ተቆጥተውኛል፣ ደንቆሮ ብለውኛል፣ ግን መጡ። ከላይ ቦዩን አዩ፣ ገብተው አዲሱን ግድግዳ በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ አሸተቱ። ደረቅ ነው። ማመስገን አይወዱምና "ይሁን" አሉ።

ከዚያ ወለሉን እያዩ፣ "አልጋው ገና አልተተከለም? ስንት ናችሁ?" አሉኝ።

"ሁለት ነን" አልኩ።

አፌ ነው ያለው። ከራሴ እስከ እግሬ ከል ለብሼ ነው የቆምኩት። ሽማግሌው ልብሴን አዩ፣ ፊቴን አዩ። በአገሩ ቤት ሁሉ ላይ አፋቸውን የሚከፍቱት ሰውዬ ብረታቸውን አወጡና ከአዲሱ ግድግዳ አጠገብ፣ ነፋስ የማያገኘውን ቦታ መርጠው፣ መሬቱ ላይ ሰፊ አልጋ የሚያህል መስመር አሰመሩ። "ለሁለት ሰው ይህ ይበቃል። ግድግዳው አዲስ ነው፣ አልጋውን ትንሽ አራቁት" አሉን።

እኔን ብቻ አይደለም ደስዬ፣ ሁለታችንን ነው ያሉን። እሳቸው ከሄዱ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጬ ያቺን መስመር እያየሁ ምን ያህል እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

አልጋችንን እዚያው ላይ ተከልሁት። እኔ በግድግዳው በኩል ነኝ። የበሩ ወገን ያንተ ነው፣ ካፖርትህም ከራስጌው ተሰቅሏል። እስካለሁ ድረስ ማንም አይተኛበትም፣ እኔም ተንፏቅቄ አልገባበትም። እሑድ መቃብርህ ዘንድ እመጣለሁ፣ ክረምቱ ቢበረታም እመጣለሁ። ስምህን የሚያነሳ ቢጠፋ እኔ እዚሁ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ እጠራዋለሁ።

ቦታህን ይዤልሃለሁ። አንተም እዚያ ያዝልኝ።

ያንተው ጥሩሰው